አርባዎቹ የአንገት ቢላዎች

ስልኩ ሲጠራ ትርንጎ ባየው ግራይንደሩ ላይ አጎንብሳ ስለነበር አልሰማችውም። ሦስተኛ ጊዜ ሲደወል ጠረጴዛው ላይ ሲንቀጠቀጥ አየችው። ማሽኑን አጠፋች፣ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፋ አድርጋ አነሳችው። የደወሉት የመዘዞዋ ወይዘሮ በሰለች ነበሩ።

«ቢላሽ እግሬን ቆረጠኝ» አሏት፣ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድሙ።

በድምፃቸው ቁጣ አልነበረም፤ የሆነውን እንደሆነው ነገሯት። ከትናንት ወዲያ ጠዋት አንድ ሙክት ሊያስሩ ጎንበስ ሲሉ፣ ቢላው ደረታቸው ላይ ከተንጠለጠለው አፎት ብቻውን ሾልኮ ወጣ። የሸራ ጫማቸውን በስቶ እግራቸው ላይ ተተከለ። ጤና ጣቢያ ተወስደው አምስት ቦታ ተሰፍተዋል። ስለቱን እንደሆነ አሳምረሽ ነው የሳልሽው አሉና ትንሽ ሳቁ። ትርንጎ አልሳቀችም። ይቅርታ ጠየቀቻቸው፣ ነገ ጠዋት እመጣለሁ አለቻቸው፣ ቢላውንም አፎቱንም ማንም ሳይነካው እንዲያቆዩላት ለመነቻቸው።

ትርንጎ የሠላሳ አንድ ዓመት ሴት ናት። አባቷ አቶ ባየው ከአንኮበር ቁልቁል ባለች መንደር ማረሻና ማጭድ እየሠሩ የሚኖሩ ቀጥቃጭ ናቸው፤ እሷም ያደገችው ወናፍ እየነፋች ነው። በኋላ ደብረ ብርሃን መጥታ ቴክኒክና ሙያ ገባች፣ ጄኔራል መካኒክስ ተማረች፣ አራት ዓመት በሰው ጋራዥ ከሠራች በኋላ ከከብት ገበያው በላይ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ተከራይታ የራሷን ሥራ ጀመረች። በርና መስኮት ትበይዳለች፣ የተሰበረ የጋሪ ዘንግ ታስተካክላለች። ስሟ የሚነሳው ግን በአንገት ቢላ ነው።

ቢላው ከእጀታው ጋር አንድ ስንዝር አይሞላም። አይታጠፍም፤ ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ የሚሠራ አጭርና ጠንካራ ነገር ነው። እጀታው የወይራ እንጨት ነው። አፎቱ ውስጥ ተዘቅዝቆ፣ እጀታው ወደ ታች ሆኖ ደረት ላይ ይንጠለጠላል። በአንድ እጁ በግ የያዘ ሰው በሌላው እጁ ወደ ታች ሳብ ካደረገው ይወጣል። በብርድ ሹራብ፣ ካፖርትና ጋቢ ደርቦ ለሚውል ሰው ኪሱን ፈልጎ ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ አንገቱ ላይ ያለውን ግን ሳያይ ያገኘዋል። በዚህ ቢላ የሣር እስር ይቆረጣል፣ የመኖ ጆንያ ይከፈታል፣ የበግ ሰኮና ይስተካከላል፣ የተጠላለፈ ገመድ ይበጠሳል። የአንገት ማንጠልጠያው ላይ ደግሞ ትርንጎ ሆን ብላ አንድ ቀላል መጋጠሚያ አድርጋለች፤ የበሬ ቀንድ ቢጠልፈው ሰውየውን ከማነቁ በፊት ይበጠሳል።

ይህን ሁሉ አስባ ስትሠራ የኖረች ሰው ስለሆነች ነው የስልኩ ነገር እንደዚያ የከነከናት። አፎቱን በፊት ከቆዳ ነበር የምትሠራው። አምና ግን የውሃ መስመር ፕላስቲክ ቱቦ መጠቀም ጀመረች። ቱቦውን ሰንጥቃ ታሞቀዋለች፣ ሲለሰልስ ቢላው ላይ ጠቅልላ ትጫነዋለች፣ ሲቀዘቅዝ የቢላውን ቅርጽ ይዞ ይቀራል፤ ቢላውንም ነክሶ ይይዘዋል። አይበሰብስም፣ ፋንድያና ደም ቢነካው በውሃ ይለቀለቃል። ለደንበኛ ከመስጠቷ በፊት በኅዳር ውርጭ ጣሪያ ላይ አሳድራ፣ ጠዋት ብረት ላይ ደብድባ ፈትናዋለች። ምንም አልሆነም። ባለፈው ሐምሌ መዘዞ አጠገብ በግ የሚያደልቡ ሴቶች ማኅበር አርባ ቢላ ሲያዝዛት አርባውንም በፕላስቲክ አፎት ሠርታ ሰጠች። የማኅበሩ ሰብሳቢ ወይዘሮ በሰለች ናቸው።

ከስልኩ በኋላ መጀመሪያ ያማከረችው ይትባረክን ነው። ይትባረክ የእርሻ መሣሪያ መደብር አለው፤ ቢላዎቿን በየወረዳው የሚያደርስላት እሱ ነው፣ ለእሷም የሚያስብ ጓደኛዋ ነው። ነገሩን ከሰማ በኋላ በጥሞና አሰበበት። የተጎዳችው አንዲት ሴት ናት፣ ለሷ ሌላ ቢላ ስጪያት፣ ማሳከሚያዋንም ቻይ፣ ከዚያ በላይ ግን አታውሪው አላት። ምክንያቱ ግልጽ ነበር። በግላቸው ተደራጅተው በየገበሬው ቤት እየዞሩ ከብት የሚያክሙ ባለሙያዎች ሁለት መቶ የአንገት ቢላ ሊያዝዟት ነው። ሰብሳቢያቸው ዶክተር ኤርሚያስ ናሙናውን ወስዶ ወዶታል፤ ሰኞ ሊወስኑ ተቀጣጥረዋል።

«ሠላሳ ዘጠኙ ደህና ናቸው» አላት ይትባረክ።

«ደህና መሆናቸውን በምን አወቅህ?»

«ማንም አልደወለማ።»

ትርንጎ ማታውን ስታስብ የቆየችው ስለ ሰኞ አልነበረም፤ ስለ ሠላሳ ዘጠኝ ሰዎች ደረት ነበር። ቢላዋ ይከሽፋል ብላ አስባ አታውቅም። አሁንም ብረቱን አልጠረጠረችውም፤ ብረቱን እጇ ያውቀዋል። የጠረጠረችው አፎቱን ነው፣ ግን ምን እንዳገኘው ልትደርስበት አልቻለችም። ጠዋት አውቶቡስ ከመሳፈሯ በፊት ለዶክተር ኤርሚያስ ደወለች። አንድ ቢላ ከአፎቱ ወድቆ ሰው እንዳቆሰለ፣ ምክንያቱን እስክታውቅ ድረስም ለማንም አንድ ቢላ እንደማትሸጥ ነገረችው። ዶክተሩ አመሰገናት። ሥራቸው ግን ከጥር በፊት ስለሚጀመር ብዙ ሊጠብቃት እንደማይችልም በግልጽ ነገራት።

ጣርማ በር በጉም ተሸፍኖ ነበር። መኪናው ዋሻው ጋ ሳይደርስ ወደ ግራ ታጥፎ የመዘዞን መንገድ ያዘ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ፀሐይ ወጣ። ወይዘሮ በሰለችን ግቢያቸው ውስጥ፣ በፋሻ የታሰረ እግራቸውን ሌላ በርጩማ ላይ ዘርግተው ተቀምጠው አገኘቻቸው። ስልሳ ሊሞላቸው ትንሽ የቀራቸው፣ ቀጠን ያሉ፣ ነገር የማያስረዝሙ ሴት ናቸው። ቢላውንና አፎቱን በጨርቅ ጠቅልለው አስቀምጠውላታል።

ትርንጎ ቢላውን አፎቱ ውስጥ ከተተችው። ገባ። ዘቅዝቃ ትንሽ ነቅነቅ ስታደርገው ተንሸራቶ መዳፏ ላይ ወደቀ። የአፎቱ አፍ ከፈት ብሏል። አንድ ሰው በጉልበት የፈለቀቀው ይመስላል።

«እትዬ በሰለች፣ ምናልባት ልጆች ነገር አስገብተውበት ይሆን?» ብላ ጠየቀች።

«እኔ ቤት ልጅ የለም» አሉ ሴትዮዋ፣ ትንሽ ቅር ብሏቸው። «ካንገቴ የሚወርደው ስተኛ ብቻ ነው።»

«ሲተኙስ የት ያደርጉታል?»

ወይዘሮ በሰለች በእጃቸው ወደ ቤቱ አመለከቷት። ትርንጎ ገብታ አየች። ከምድጃው በላይ፣ ክንድ በማትሞላ ርቀት፣ ግድግዳው ላይ ምስማር ተመትቷል። የቢላው ማንጠልጠያ ሲንጠለጠልበት የኖረበት ቦታ ጭስ ሳይነካው እንደ መስመር ነጥቶ ይታያል። እጇን ምስማሩ ላይ ዘረጋች። እሳቱ ከጠዋት ጀምሮ የተዳፈነ ነበር፣ ያም ሆኖ ሙቀቱ መዳፏን አላበው።

ስትወጣ ወይዘሮ በሰለች ሳትጠይቃቸው ነገሯት። ብረት ሌሊቱን ሲቀዘቅዝ አድሮ ጠዋት ደረት ላይ ሲያርፍ ያስደነግጣል። ከእሳቱ በላይ ካደረ ግን ለብ ብሎ ይጠብቃል። ይህን ዘዴ ያገኙት እሳቸው ናቸው፤ ለማኅበሩ ሴቶችም ሁሉ ነግረዋቸዋል፣ ሁሉም ወደውታል።

ትርንጎ የበርጩማው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አፎቱን በውርጭ ፈትናዋለች፣ በመዶሻ ፈትናዋለች። በሙቀት ግን አልፈተነችውም። ደብረ ብርሃን ተቀምጣ ስታስብ ጠላቷ ብርድ ብቻ መስሏት ነበር፤ ብርዱን የሚሸሽ ሰው ወዴት እንደሚሸሽ አላሰበችም። ራሷ በሙቀት ያጠፈችውን ፕላስቲክ የየቤቱ እሳት ሌሊት ሌሊት በዝግታ እየፈታው ነበር። አራት ወር ሙሉ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለቻቸው። «የእርስዎም የማንም አይደለም። አርባውንም መልሼ መውሰድ አለብኝ።»

ወይዘሮ በሰለች ፊቷን አዩና አንዲት ጎረቤታቸውን ጠርተው ሴቶቹ ከሰዓት በፊት ማድለቢያው ጋ እንዲሰበሰቡ ላኩባቸው።

ማድለቢያው ረጅም የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ቤት ነው፤ በአንድ ወገን በጎቹ በየጋጣቸው ቆመው ገለባ ያኝካሉ። ሴቶቹ መጡ። አንዷ ዘመድ ጥየቃ ደብረ ሲና ወርዳለች፤ ከሷና ከወይዘሮ በሰለች በቀር ሠላሳ ስምንቱ ቢላቸውን እንዳንጠለጠሉ ተሰበሰቡ። ትርንጎ ፊታቸው ቆማ የሆነውን ነገረቻቸው። ፕላስቲኩ በሙቀት እንደሚፈታ፣ ይህን ቀድማ ማወቅ እንደነበረባት፣ ቢላዎቹን ወስዳ አፎታቸውን ቀይራ እንደምታመጣ አስረዳቻቸው።

ማንም ቢላውን አላወለቀም። በጎቹን ለጥምቀት ገበያ እያደረሱ ነው፤ በዚህ ሰሞን ያለ ቢላ መዋል አይታሰብም አሉ። አንዷ በጥርሴ ገመድ መበጠስ ትቻለሁ አለች። ሌላዋ የባሰውን ተናገረች። ከሁለት ዓመት በፊት የፀሐይ መብራት የሸጠላቸው ሰው፣ መብራቱ ሲበላሽ ላድስላችሁ ብሎ ሰብስቦ እንደወሰደ ቀርቷል። በመጨረሻም ከኋላ በኩል አንዲት ሴት፣ ከቀጥቃጭ እጅ የወጣ ነገር መቼም ይኸው ነው ስትል ተሰማ።

አንዳንዶቹ መሬት መሬት አዩ። ትርንጎ ይህን ቃል አንኮበር ገበያ ከአባቷ ጋር ማረሻ ስትሸጥ ከልጅነቷ ጀምሮ ሰምታዋለች። ያኔ ያማት ነበር። አሁን ግን ድምፁ ወደመጣበት ዞራ በረጋ አንደበት መለሰች።

«አዎ፣ ቀጥቃጭ ነኝ፤ አባቴም ቀጥቃጭ ነው። ስለቱን እዩት፤ አራት ወር ሙሉ የበግ ሰኮና ቆርጦ አልደነዘም። የተበላሸው ከፋብሪካ የመጣው ፕላስቲክ ነው፤ እሱን የመረጥኩት ግን እኔ ስለሆንኩ የማስተካክለውም እኔ ነኝ።»

ከዚያ ብዙ ማውራት አላስፈለጋትም። አንድ ጣውላ ለምና መሬት ላይ አስቀመጠች። በየተራ እየመጣችሁ ቢላችሁን ከነአፎቱ ስጡኝ፣ ሦስት ጊዜ እነቀንቀዋለሁ፣ ካልወደቀ መልሳችሁ አንጠልጥሉት አለቻቸው። የመጀመሪያው አልወደቀም። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም አልወደቀም። ሴቶቹ መሳሳቅ ጀመሩ። አራተኛው በሁለተኛው ንቅናቄ ወርዶ ጣውላው ላይ ተተከለ፤ ሳቁ ቆመ።

ከሁሉ በላይ ቢላዬን አልሰጥም ስትል የነበረችው ኪዳነምሕረት የምትባል ወጣት ሴት ናት። ኤልሮኢ የሚባል የስድስት ወር ልጅ አላት፤ ስትሠራ በጀርባዋ፣ ስታጠባው ደግሞ በፊቷ ትይዘዋለች። ተራዋ ሲደርስ የኔ ድንጋይ ነው፣ እኔ ራሴ በግድ ነው የምመዘው እያለች መጣች። ትርንጎ ተቀበለቻትና ዘቀዘቀችው። መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ሁለተኛም ያው ነበር። በሦስተኛው ቢላው ያለ ድምፅ ወጥቶ ወደቀ፤ ጣውላው ላይ ጫፉ ቀጥ ብሎ ቆመ።

ኪዳነምሕረት ቢላውን አየችው። ከዚያ እጇን ወደ ኋላ ሰድዳ የልጇን እግር ያዘች። ትናንት አቅፋው ስታጠባው ቢላው አንገቷ ላይ ነበር። ቢላውን ከጣውላው ነቅላ በእጀታው በኩል ለትርንጎ አቀበለቻት።

ከሠላሳ ስምንቱ አሥራ አንዱ ወደቁ። ያልወደቁትም ሲወሰዱ የተቃወመ አልነበረም። ደብረ ሲና የወረደችውን ሴት ቢላም ከቤቷ አምጥተው ጨመሩላት። የቀረው ጥያቄ ማን ይመልስልናል የሚል ነበር። ትርንጎ መታወቂያዋን አውጥታ ላስይዝ አለች፤ ወይዘሮ በሰለች ግን አልተቀበሉም። እግራቸውን ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ሊያሳዩ ለማግስቱ አስበው ነበር። ከልጅቷ ጋር እሄዳለሁ፣ ቢላዎቹ ተሠርተው እስኪያልቁ አብሬያት እሰነብታለሁ፣ እኔ ስመጣ ነው የሚመጡት አሉ። በዚህ ሁሉም ተስማሙ።

ሆስፒታሉ ቁስሉ እየደረቀ ነው፣ ረጅም መንገድ በእግርዎ እንዳይሄዱ ብቻ ብሎ አሰናበታቸው። ይትባረክ መኪና ለምኖ ሁለቱን ሴቶችና ቢላ የሞላውን ከረጢት፣ አባቷ እንዲያግዟት አንኮበር አደረሳቸው። መንገድ ላይ ለወይዘሮ በሰለች በጣም ትሕትና ስላበዛ፣ ዝም በይ ብሎ የመከራት እሱ መሆኑን ትርንጎ ሳትናገርበት ቀረች።

አቶ ባየው ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ብረት የሚቀጠቅጡበት መስፍ ፊት ሲቀመጡ ግን ገና ጎልማሳ ይመስላሉ። የልጃቸውን ታሪክ ሳያቋርጡ ሰሙ። የፕላስቲኩን አፎት አገላብጠው አዩና ለራሳቸውም ቢሆን ይህ እንደማይታያቸው ተናገሩ፤ እኔ ቢሆን የማስበው ስለ ዝናብ ነበር አሉ። ከዚያ ወደ በሬ ቆዳ እንድትመለስ ሐሳብ ሰጡ፤ ቆዳ በሙቀት ይጠብቃል እንጂ አይፈታም። ትርንጎ የመጀመሪያውን መሞከሪያ የቆዳ አፎት በማግስቱ ሠራች። እርጥቡን ቆዳ ቢላው ላይ ወጥራ ስታደርቀው እንደ ፕላስቲኩ ነክሶ ያዘ። ሌሊቱን ከምድጃ በላይ አደረ፤ ጠዋት ይበልጥ ጠብቆ ተገኘ።

ወይዘሮ በሰለች አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። በጎቹን የሚያጥቡት እሳቸው ናቸው። አፎቱን ከነቢላው ባልዲ ውሃ ውስጥ ጨመሩት፣ ወግ እያወሩ ትንሽ አቆዩት፣ አውጥተው ዘቀዘቁት። ቆዳው ውሃ ጠጥቶ ለስልሷል፤ ቢላው ባልዲው ውስጥ ጨፍ ብሎ ወደቀ።

ሁለት ቀን እንደዚህ አለፈ። ወፍራም ቆዳ ሞከሩ፣ ሰም የተቀባ ቆዳ ሞከሩ፣ በድርብ ስፌት ሞከሩ። ሰሙ ከምድጃው በላይ ሲያድር ቀልጦ ግድግዳው ላይ ፈሰሰ። አቶ ባየው በወፍራሙ እንቀጥል፣ ሰው እርጥብ ሲሆን ይጠንቀቅ አሉ። ትርንጎ አልተስማማችም። ጎንበስ ያለ ሰው በግ ይዞ የሚታገል ሰው ነው፤ የሚጠነቀቀው ስለ በጉ እንጂ ስለ አንገቱ አይደለም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ወናፉ አጠገብ ቆማ ሳለ ሐሳቡ መጣላት። እስከ አሁን ሲሞክሩ የቆዩት አፎቱ በጠቅላላ ቢላውን እንዲነክስ ነው። ሙቀትም ውሃም የሚለውጠው ነገር እንዲይዝ ከማድረግ፣ ሁለቱም የማይለውጡት ነገር ይያዘው። ቆዳው ልብስ ብቻ ይሁን፤ የሚይዘው ብረት ይሁን። ከእቃዋ መካከል የተሰበረ የብረት መቁረጫ ሴጌቶ ምላጭ አወጣች። ጥርሱን ሞርዳ አስወገደች፣ አንድ ጣት የሚያህል ቆርጣ ጫፉን በትንሹ አጎበጠች፣ ከአፎቱ ውስጠኛ ጎን ላይ ገጥማ በትንሽ ምስማር መታችው። ከዚያ በቢላው ጀርባ፣ ከእጀታው አጠገብ፣ የስንዴ ፍሬ የምታህል ጎድጓዳ በሞረድ ቆፈረች። ቢላውን ስትከተው የምላጩ ጫፍ ጎድጓዳው ውስጥ ገባና «ቀጭ» አለ።

አባቷ ድምፁን ሰምተው መዶሻቸውን አስቀመጡ። አፎቱን ወስደው ዘቀዘቁት፣ ነቀነቁት፣ መስፉ ላይ መቱት። ቢላው አልወጣም። በኋላ በእጃቸው መዘዙት፣ ወጣ። መልሰው ከተቱት፣ «ቀጭ» አለ። አራት ጊዜ እንደዚህ አደረጉ።

«ለእኔ እጅ ጥሩ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ለሴትዮዋስ?»

ወይዘሮ በሰለች ማንም ሳይነግራቸው ተነሱ። ሁለቱንም እጃቸውን ጠዋት ከምንጭ በመጣ ውሃ ውስጥ ነክረው ጣቶቻቸው እስኪደነዝዙ አቆዩአቸው። ከዚያ አፎቱን አንገታቸው ላይ አድርገው በቀኛቸው ሳቡት። አልወጣም። ደግመው ሳቡት። በሦስተኛው ወጣ፣ ግን ከንፈራቸውን ነክሰው ነው።

«ይጠብቃል» አሉ። «እኔ በግ ስይዝ እንደዚህ የምታገለው ከበጉ ጋር ነው እንጂ ከቢላው ጋር አይደለም።»

ትርንጎ ምላጩን በሞረድ አሳሳችው። ሴትዮዋ እጃቸውን እንደገና ነከሩ። እንደዚህ እየተባለ እስከ ምሳ ሰዓት ቀጠለ፤ ምላጩ ሲሳሳ፣ እጃቸው ሲቀዘቅዝ፣ አቶ ባየው ከጎን ተቀምጠው ሁለቱን ሲያዩ። በስምንተኛው ሙከራ ወይዘሮ በሰለች ቢላውን በአንድ ንጥቂያ መዘዙት፤ መልሰው ከተው ዘቅዝቀው ሲነቀንቁት ግን ከቦታው አልተነቃነቀም።

«በቃ፤ እዚህ ጋ አቁሚው» አሉ።

ትርንጎ ወዲያው ወደ ሥራ አልገባችም። አንዴ ቸኩላለች፣ ዳግም አትቸኩልም። አንዱን አፎት ሦስት ሌሊት ከምድጃው በላይ ሰቀለችው። ሁለተኛውን ቀንና ሌሊት ውሃ ውስጥ ተወችው። ሦስተኛውን ደግሞ፣ አባቷ ማረሻ ጭነው ወደ አልዩ አምባ ገበያ ሲወርዱ፣ በበቅሏቸው አንገት ላይ አሰረችው። በቅሎዋ ያን ሁሉ ቁልቁለት እየዘለለች ወርዳ ማግስቱን ዳገቱን ወጣች። አቶ ባየው ሲመለሱ ገና ከአጥሩ ውጭ ሆነው እጃቸውን አነሱላት። ቢላው አፎቱ ውስጥ ነበር። ገበያ ላይ ሦስት ሰው ይህ ምንድነው ብሎ እንደጠየቃቸውም ነገሯት፤ የልጄ ሥራ ነው ብለው መመለሳቸውን ግን የነገሩት ለእሷ ሳይሆን ለወይዘሮ በሰለች ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ብቻ ነበር። አባትና ልጅ ተካፍለው ሠሩ፤ እሳቸው ጎድጓዳውን ይቆፍራሉ፣ እሷ ምላጩን ትገጥማለች። ወይዘሮ በሰለች እግራቸውን ዘርግተው ቆዳውን ይሰፋሉ፣ እያንዳንዱ ሲያልቅ ደግሞ እጃቸውን ነክረው ይመዙታል። ከአርባው ሦስቱን አልወደዱትም፤ ትርንጎ ሦስቱንም አፍርሳ እንደገና ሠራች።

ሥራው ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ዶክተር ኤርሚያስ ደወለ። ማኅበራቸው ከአዲስ አበባ የመጣ ታጣፊ ሰንጢ ገዝቷል። ማዘኑን ነገራት፤ አፎቱን ስታስተካክዪ ግን ለራሴ አንድ ልግዛ አላት። ትርንጎ እሺ ብላ ስልኩን ዘጋች። ሁለት መቶ ቢላ ማለት ሁለተኛ ማሽንና ሰፋ ያለ ቤት ማለት ነበር፤ ለጥቂት ጊዜ በሩ ላይ ቆማ ገደሉን ቁልቁል ስታይ ቆየች። አልተጸጸተችም። ደስ ግን አላላትም፤ ተመልሳ ገብታ የቀሩትን ምላጮች መቁረጥ ቀጠለች።

ታኅሣሥ ሲጋመስ መዘዞ ተመለሱ። ወይዘሮ በሰለች ከመኪናው የወረዱት ሳያነክሱ ነው፤ ከረጢቱንም ለማንም አልሰጡም፣ ራሳቸው ተሸክመው ማድለቢያው ድረስ ሄዱ። ሴቶቹ ተሰበሰቡ። በዚህ ጊዜ ጣውላውን ያመጡት እነሱ ናቸው። ማንም በወሬ አልተቀበለም፤ እያንዳንዷ ቢላዋን ራሷ ዘቅዝቃ ነቀነቀች፣ ራሷ መዘዘች። ያቺ ከኋላ ሆና የተናገረችውም ሴት መጣች። ነቀነቀች፣ መዘዘች፣ ከተተች፣ «ቀጭ» ሲል ሰማች። ትርንጎን ቀና ብላ አይታ፣ አባትሽ ማረሻም ይሠራል አይደል ብላ ጠየቀቻት። ይሠራል አለቻት። ባለቤቴ ሊመጣበት ይፈልጋል አለችና ሄደች።

ኪዳነምሕረት መጨረሻ ላይ ቀረበች። ኤልሮኢ ጀርባዋ ላይ ተኝቷል። ቢላውን ከሁሉም ይበልጥ ረጅም ጊዜ ነቀነቀችው። ሲበቃት አንገቷ ላይ አጠለቀችና አንድ ነገር ልጠይቅሽ አለቻት፤ ሳጠባው ወደ ጎን እንዲዞር ማንጠልጠያውን ትንሽ ብታስረዝሚልኝ። ትርንጎ እዚያው ቆማ አስረዘመችላት። ከዚያም ሌሎች የሚያጠቡ እንዳሉ ጠየቀች፣ አራት ሴቶች እጃቸውን አወጡ፣ የአራቱንም አስረዘመች።

በዚያ ሳምንት መጨረሻ ትርንጎ ደብረ ብርሃን ሱቋን ስትከፍት በሩ ላይ አንድ ሰው ቆሞ አገኘች። ዘሥላሴ እባላለሁ፣ የመጣሁት ከደነባ ነው፣ ንብ አናቢ ነኝ አላት። የአንገት ቢላዋን ወሬ የሰማው መዘዞ ካገባች እህቱ ነው። አንድ ችግር ግን አለብኝ አላት፤ ግራኝ ነው፣ በዚያ ላይ ቀፎ ሲከፍት ወፍራም ጓንት ያደርጋል። ይህን የሚያህል ቢላ በጓንት መያዝ ይቻል እንደሆነ አያውቅም።

ትርንጎም አታውቅም ነበር። አላውቅም፣ ግን እናየዋለን አለችው። በርጩማ አቀረበችለት፣ ጓንቱን ይዞ እንደሆነ ጠየቀችው። ይዞታል። አድርገው አለችው፤ ቀጥላም ሜትሯን ከኪሷ አውጥታ የግራ እጁን መለካት ጀመረች።